የስክሪኑ ግራ ጎን

ቅዳሜ ዕለት ዶራቪል ካለው የኮሪያኖች ገበያ ጎመንና ቃሪያዬን ገዝቼ መኪና ውስጥ ስከት ስልኬ ጮኸ። የሐበሻ ግሩፓችን ነው። «ቀደም ሲል አትላንታ ይኖር የነበረው ዓይነ ስውሩ ሰይድ ኮሎምበስ ኦሃዮ አርፏል፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጣመረ እጅ፣ «ነፍስ ይማር»፣ «ኢና ሊላሂ» ተደርድሯል። አንዱ ደግሞ «የቱ ሰይድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ዓይነ ስውሩ እኮ ነው» ብሎ ይመልስለታል።

መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። እኔ የማውቀው ሰይድ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያለፈውን ስክሪን ከሩቅ ቆሞ አይቶ «እዚያ ጥግ ላይ አንዲት የሞተች ነጥብ አለች» የሚል ሰው ነበር። ሄደን አፍንጫችንን አስጠግተን ስናይ እውነትም ነጥቧ አለች። እንዲህ ያለውን ሰው በመጨረሻዎቹ ክፉ ዓመታቱ ስም ጠርቶ መሸኘት ምን የሚሉት ነገር ነው? ጎመኔን እዚያው ጥዬ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ «የቱ ሰይድ ነው?» ላለው ሰውዬ ልመልስለት ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ተውኩት።

ሰይድን ያወቅሁት ዱሉዝ ካለ አንድ መጋዘን ነው። ሰው ከመደብር የገዛውን ቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪን አልወደድኩትም ብሎ ይመልሳል፤ የተመለሰው ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል። እኛ እናበራዋለን፣ እናየዋለን፣ ደኅናውን ወደ ካርቶኑ፣ የታመመውን ወደ ስብርባሪው። እኔ በሎተሪ መጥቼ መጀመሪያ ያስገቡኝ ጫማ የሚለይበት ክፍል ነበር፤ ወገቤ እምቢ ሲል ወደ ስክሪኑ አዛወሩኝና ከሰይድ አጠገብ ቆመሽ ተማሪ አሉኝ።

የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አርባን ያለፈ፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ ከሱሪው የወጣ። የሸሚዙ ነገር ምክንያት ነበረው። ለስክሪን መወልወያ ለስላሳ ጨርቅ ይሰጡናል፤ እሱ ግን በጨርቁ ወልውሎ ሲያበቃ በሸሚዙ ጫፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ያብሰዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ራመድ ይልና እጁን አጣጥፎ ሐሜት እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያያል። ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ ጥቁር ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል። እኔ ነጩን ነጭ ብቻ ነው የማየው። እሱ «ጽጌ፣ ይኼ ነጭ አይደለም፤ ቀኙ ታችኛው ጥግ ቢጫ ነው» ይላል። ዓይን ነው ወይስ ጭልፊት ነው የሰጠህ ስለው «አብሽሪ፣ አንቺም ትለምጃለሽ» ይለኛል። አይዞሽ ማለቱ ነው፤ እሱ ዘንድ የሁሉም ነገር መድኃኒት አብሽሪ ነበር።

ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ መገልበጥን ነው። ስክሪን ላይ ጥላ ካየሽ ለመጣል አትቸኩዪ አለኝ፤ ስክሪኑን ከነማቆሚያው አንሥተሽ ታችኛውን ወደ ላይ አድርጊው። ጥላው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ዞሮ ጥላው ባለበት ከቀረ ጥፋቱ ከሌላ ነው፤ ከገመዱ ወይ ከኮምፒውተሩ። እስከ ዛሬ የምሠራው እንደዚያ ነው፤ ለአዲስ ሰውም የማሳየው እንደዚያ ነው።

ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ጌም ይጫወታል። ትልቅ ሰውዬ! በፈረሰ ከተማ ውስጥ እየሮጠ ከየበሩ ብቅ የሚለውን ጠላት ይተኩሳል። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ቡድን ሠርቶ በማይክ ያወራል፤ አንዱ የቴክሳስ ጎረምሳ ነው፣ አንዱ ብራዚል ያለ ባለትዳር። አብሽር ማለትን አስተምሯቸው ጥይት ሲዘንብባቸው አብሽር፣ አብሽር ይባባላሉ። የእኛ ሰዎች ግን አልማሩትም። ይኼን ጌም ትቶ ሚስት ቢያገባ ምን ነበረበት ይሉታል ፊት ለፊት። ትዳር ሞክሮ አልሆነለትም ነበር፤ ቢሆንም አይቀየምም። «ጌም እኮ ፍርድ ቤት አይወስደኝም» ብሎ ያስቃቸዋል።

ይስቁበት እንጂ ኮምፒውተር ሊገዙ ሲሉ የሚደውሉት ለእሱ ነው። ልጄ ጌም መጫወቻ ግዙልኝ አለኝ፣ ፎር ኬ የሚባለው ስክሪን ይሻላል ወይስ ሌላው፣ ይሉታል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው የሚል በሽታ አለብን፤ የመኪናም፣ የቤትም፣ የስክሪንም። ሰይድ ቁጥር አይናገርም። መጀመሪያ ምን ዓይነት ጌም ነው ይላል። ቀጥሎ ከስክሪኑ ምን ያህል ርቆ ነው የሚቀመጠው ይላል፤ ቤት ድረስ ከመጣ ደግሞ ክንዱን ከሰውየው አፍንጫ እስከ ስክሪኑ ዘርግቶ ራሱ ይለካዋል። በመጨረሻ ግራፊክስ ካርዱን ያያል። ካርዱ ምስሉን የሚሥለው ነው፤ ስክሪኑ ያሳያል እንጂ አይሥልም።

ልጄ ቤዛ ሳትጠይቀው ገዛች። ቡና ቤት እየሠራች ከኮሌጅ ክፍያዋ የተረፈውን ሰብስባ በበዓል ቅናሽ ግድግዳ የሚያክል ፎር ኬ ስክሪን አምጥታ ተከለች። ጌሙን ስትከፍተው ውስጡ ያለው ሰውዬ አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላውን እስኪያወርድ ሻይ ይፈላል። አለቀሰች። ሰይድን ለመንኩት፤ ቅዳሜ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ያለው ቤታችን መጣ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ካርዱን አየና ሳቀ።

ካርዱ አህያ ነው አላት፤ ስክሪኑ ጭነት። ፎር ኬ ማለት ቴን ኤይቲ ከሚባለው አራት እጥፍ ነጥብ አለው። ደቃቃ አህያ ላይ አራት እጥፍ ብትጭኚባት ትተኛለች እንጂ አትሄድም። ከመግዛትሽ በፊት ብትደውይልኝ ለዚህች አህያ መካከለኛውን፣ ፎርቲን ፎርቲውን እመርጥልሽ ነበር። አሁን ግን ጌም ስትከፍቺ ቴን ኤይቲ ላይ አድርጊው፤ አንዷ ነጥብ በአራት ነጥብ ላይ እኩል ትቀመጣለች። መሃለኛውን ከመረጥሽ እኩል አይካፈልም፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ቤዛ አኩርፋ ታዲያ ፎር ኬውን ለምን ገዛሁት አለችው። ለፊልም አላት። እሷ ግን ማማሩ ቀረብኝ ብላ ስትነጫነጭ «የኔ እህት፣ ጌም ውስጥ አምሮ ከመሞት ደብዝዞ መኖር ይሻላል» አላት። ልጄ እስካሁን ትጠቅሰዋለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

አንድ የጸደይ ሰሞን ምሳ ላይ ቤት ያለው ስክሪን ግራ ጎኑ እየጨለመ እንደሆነ ነገረኝ። ጠላት በግራ በኩል እየመጣ ይገድለዋል፤ የቴክሳሱ ጎረምሳ ግራህን፣ ግራህን እያለ ይጮህበታል፤ እሱ ግን ምንም አይታየውም። ፓነሉ ታሟል አለ። እውነት ነው፣ ስክሪን ይታመማል፤ ቀኑን ሙሉ የምናየው የታመመ ስክሪን ነው። መለሰውና ሌላ ገዛ። ሌላውም ግራው ጨለመ። ይኼ ፋብሪካ ዘንድሮ ምን ነካው ብሎ እሱንም መለሰው፣ ሦስተኛም ገዛ።

ከመለሳቸው ስክሪኖች አንዷ ዞራ ዞራ እኛው ጋ መጣች። ማቆሚያዋ ላይ የተጫረች ምልክት ነበረቻትና ሰይድ ገና ከካርቶኑ ስትወጣ አወቃት። ደስ አለው። «የኔዋ መጣች! ጽጌ፣ አንቺ እያት፤ እኔ ከሳሽ ስለሆንኩ ዳኛ አልሆንም» አለኝ።

አበራኋት። ነጭ አደረግኳት፣ ግራጫ አደረግኳት፣ ጥቁር አደረግኳት። ምንም የለባትም። ምናልባት የእኔ ዓይን ነው ብዬ ጠራሁት። መጣ፤ በሸሚዙ ጠረጋት፤ ወደ ኋላ ራመድ ብሎ አንገቱን ሰበረ። ይኸው ግራው ጠቆር አላለም ወይ አለኝ። እንዳስተማረኝ አንሥቼ ገለበጥኳት። አሁንስ አልኩት።

«አሁንም ግራው» አለኝ።

ስክሪኗን ደግሜ አየኋት፤ ግራዋም ንጹሕ ነው። እሱ ግን ፊቱ በራ። አየሽ፣ አልዞረም አለኝ፤ ስክሪኗ ንጹሕ ናት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በሐሰት ስሟን አጥፍቻለሁ፤ ገመዱ ነው። ደስታው ሕመምተኛው ዳነ የተባለ ሐኪም ነው የሚመስለው።

«ሰይድ» አልኩት፤ «በዚሁ ገመድ፣ በዚሁ ስክሪን፣ ለእኔ ግራውም ቀኙም እኩል ነው የሚታየኝ።»

የሸሚዙን ጫፍ ያዘና የተጠረገውን ስክሪን እንደገና መጥረግ ጀመረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየብሬኩ እጨቀጭቀው ነበር። ዓይንህን ታይ፣ ኢንሹራንስ አለህ፣ እኔ ልውሰድህ፣ ምን ይጎዳሃል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጽግዬ፣ እኔ በዓይኔ ነው የምበላው። ሐኪሙ አንድ ነገር ቢለኝ ነገ ምን ሆኜ ነው እዚህ የምቆመው?» ከዚያ ስለ ገመድ ያወራኛል። ገመድ ቀየረ። ካርድ ቀየረ። የክፍሉን አምፖል ቀየረ። መጋረጃው ነው የሚያጠላው ብሎ መጋረጃውን አወለቀ። አላዋቂ ሰው ሲሳሳት ቶሎ ይደነግጥና ሰው ይጠይቃል። አዋቂ ሲሳሳት ግን ምክንያት አያልቅበትም፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላ ያመጣል፣ ያመጣውም ሁሉ እውነት ይመስላል። ያኔ ፎር ኬውን ትቶ ወደ ፎርቲን ፎርቲ ወረደ። ለምን ስለው ለፍጥነት ነው አለ። ቀጥሎ ወደ ቴን ኤይቲ ወረደ፤ አሁንም ለፍጥነት ነው አለ። ለሰው ሁሉ ሲመክር የኖረው ይህንኑ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ካርዱ ግን አዲስና ጠንካራ ነበር፤ አህያዋ ምንም አልደከማትም ነበር።

የሰይድ መኪና የግራ መስተዋቷን ቢዩፈርድ ሀይዌይ ላይ ከምሰሶ ጋር አጋጭታ አጣች። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ሰው ትገድላለህ አልኩት። ምሰሶው የመንገዱ መሃል መለያ ላይ ነው የቆመው፣ የመንገዱ ጥፋት ነው ብሎ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ትቼው ወጣሁና ኮሎምበስ ላለችው እህቱ ለዘይነባ ደወልኩ። ታላቁ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ እሷን ነው የሚፈራው። ስልክ ላይ ምን እንዳለችው አላውቅም። በማግሥቱ መጥቶ «ሽማግሌ ልከሽ አስገደድሽኝ፤ በይ ውሰጂኝ» አለኝ።

ዲኬተር ያለ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፤ ግን ግቢ አለኝና አብሬው ገባሁ። የምትመረምረው ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጣ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ማንኪያ የመሰለ ነገር በቀኝ ዓይኑ ላይ ደቀነችበት። እሱም ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«መብራቱን ለምን አጠፋችሁት?»

መብራቱ በርቶ ነበር። ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። ማንኪያውን ስታነሣለት ወደ ጣሪያው አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ እንጃ፣ ሌላ አልጠየቀም።

ግላኮማ ነው አለ ሐኪሙ። የዓይን ግፊት ነው፤ አያምም፣ አይቀላም፣ ከዳር እየበላ ይገባል። ግራ ዓይኑ ካለቀ ቆይቷል። ቀኙ የጎደለውን እየሞላ ሲሸፍንለት ኖሯል፤ ሁልጊዜ በሁለት ዓይኑ ስለሚያይ አላወቀውም። አሁን ቀኙም በግራ በኩል መጨለም ጀምሯል። የሄደው አይመለስም፤ የምንሞክረው የቀረውን ለመያዝ ነው አለ። ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ አለ ወይ ሲለው ሰይድ የአባቱን ነገረው። አባቱ ኮምቦልቻ ውስጥ በዘንግ እየተመራ ነው የሞተው። ሞራ ነው፣ እርጅና ነው ብለው ማንም አልመረመረውም። አባቱ ዓይኑ ሲጠፋ ስንት ዓመቱ እንደነበር ሲሰላ ሰይድ ያን ዕለት ከነበረበት ብዙም አይርቅም።

ቤቱ ደርሰን ፓርክ ሳደርግ በሩን ከፍቶ ሳይወርድ ቆየና «ገልብጠሽ አሳይተሽኝ ነበር እኮ» አለኝ።

ምን ልበለው? አብሽር እንዳልለው ቃሉ የእሱ ነው። እስካሁን ድረስ ያናድደኛል፤ በእሱ ነው የምናደደው፣ በሞተ ሰው። ያን ዕለት ከመጋዘኑ በቀጥታ ሄዶ ቢሆን ቀኙ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ማን ያውቃል አለኝ። ማን ያውቃል ከሚል መልስ አዎ ይተርፍ ነበር ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምናደድበት ቁርጥ ያለ ነገር ይኖረኛል።

ጠብታ ተሰጠው። ግፊቱን ያወርዳል የተባለ ቀዶ ጥገናም ተደረገለት፤ ለአጭር ጊዜ ያዘ፣ ከዚያ ለቀቀ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ፀበል አምጥቼ ሳላፍር ሰጠሁት። «አላህ አንድ ነው፤ አምጪው» ብሎ ጠጣው፣ ዓይኑንም ታጠበበት። መስጊዳቸውም ዱዓ ያደርጉለት ነበር። ወሎዬ ምን ችግር አለው፣ በሁለቱም በኩል ተለመነለት። በሁለቱም በኩል መልስ አልመጣም።

ሥራ ቦታ ሱፐርቫይዘራችን ደግ ሴት ናት፤ ከስክሪን አንሥታ ካርቶን ማሸጊያው ላይ አደረገችው። እኔ ስክሪን እያየሁ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ካርቶን ላይ ቴፕ ይለጥፋል። አልፎ አልፎ አጠራጣሪ ስክሪን ሲገጥመኝ ልጠራው እልና ምላሴን እነክሳለሁ። አንድ ቀን በግራ በኩል በቆመ የዕቃ ጋሪ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ አይቻልም አሉ። ማንንም መውቀስ አልችልም፤ ማየት የማይችል ሰው ዕቃ የሚያነሣው ፎርክሊፍት በሚሮጥበት ቤት እንዴት ይቆማል?

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ዶራቪል ያለው አፓርትመንቱ እሄድ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል አድጎ አገኘዋለሁ። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ፊደሉ ይተልቃልና ከቴን ኤይቲ ወደ ሰቨን ትዌንቲ ወርዶ፣ የጌሙ ጽሑፍ ዳቦ ዳቦ አክሎ፣ እሱ ስክሪኑ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ። የቡድን ጓደኞቹ ሲነግራቸው ጥለውት አልሄዱም ነበር። የቴክሳሱ ጎረምሳ አንተ ሁልጊዜ ግድግዳውን በግራህ አድርገህ ሂድ፣ ቀኝህን ብቻ ጠብቅ አለው፤ ብራዚላዊው ከኋላው ይቆምለታል። ለእሱ ብለው አካሄዳቸውን ሁሉ ለወጡ። ይህን ሲነግረኝ ያለቀሰ መሰለኝ፤ ጠብታውም ሊሆን ይችላል። በኋላ ግን እየተሸነፉ መሆኑ ሲገባው ራሱ ወጣ። ሸክም ሆንኩባቸው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለበት የልምምድ ከተማ ውስጥ ብቻውን ነበር የሚዞረው፤ ማንም አይተኩስበትም፣ እሱም ማንንም አይተኩስም።

አንድ እሑድ ልቤ ስለከበደኝ ተቆጣሁት። ይኼ ምስል ተንሻፎ፣ ተቆራርጦ፣ አስቀያሚ ሆኖ ምን ያደርግልሃል፣ ፊደሉ ተለቀ እንጂ ሰዎቹና በሮቹ እኮ ያው ናቸው አልኩት። እንደ ድሮው ታግሦ አስረዳኝ።

«ልክ ነሽ፤ ጠላቱ አይተልቅም፤ ፊደሉ ብቻ ነው የሚተልቅ» አለኝ። «ግን ፊደሉን ካነበብኩ ገና አለሁ ማለት ነው።»

ዘይነባ ልትወስደው መጣች። ብቻውን ሲያበስል ምድጃ ሊነካ፣ ደረጃ ሊስት፤ ከዚያ በላይ አይሆንም አለች። ሶፋውንና አልጋውን ለጎረቤት ሰጠን። ኮምፒውተሩን ግን ለማንም አላስነካም። እኛ ገመዱን ልንነቅል ስንል ተዉ ብሎ እያንዳንዱን በጣቱ እየዳሰሰ ራሱ ነቀለና ጠቀለለው፤ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ መኪናው ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ኮሎምበስ ድረስ እንዲያ ታቅፎ ነው የሄደው። ቻው ስለው ድምፄን ተከትሎ ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ ግን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው።

በየበዓሉ እደውልለት ነበር። በመውሊድም በገናም። ድምፁ ያው ነው፤ ቤዛን ይጠይቀኛል፣ አዲስ ስለመጣ ካርድ ይጠይቀኛል፣ ሰው ምን እየገዛ ነው ይለኛል። ደኅና ነህ ወይ ስለው አልሐምዱሊላህ ይላል። ከዚያ በላይ ስለራሱ አይወጣውም።

ባለፈው ዓመት በአረፋ ስደውል አውርተን ስንጨርስ ዘይነባ ስልኩን ተቀበለችው። ወደ ሌላ ክፍል ስትገባ፣ በር ስትዘጋ ይሰማኛል። አንቺ ስለ ስክሪን ታውቂያለሽ ብዬ ነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለችኝ። ሰይድ በየቀኑ የአስርን ሶላት ሰግዶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አጠገቡ ያስቀምጣታል። እነፎር ኬ፣ እነቴን ኤይቲ የተደረደሩበት ቦታ እንዴት እንደሚከፈት አስተምሯታል። የተመረጠውን አንብቢልኝ ይላታል፤ ታነብለታለች። አንድ ዝቅ አድርጊው ይላታል፤ ታደርጋለች። ስክሪኑ ላይ ተጠግቶ ይቆያል፤ እሺ፣ ነገ ደግሞ እናያለን ይላታል። እሷ ጨዋታ መስሏት ነበር።

«ከረመዳን በፊት መጨረሻው ላይ ደረስን» አለችኝ። «ከዚያ በታች የለም። እሱ ግን በየቀኑ አንድ ዝቅ አድርጊው ይለኛል። እኔ ያልገባኝ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ ከዚያ በታች ሌላ አለ ወይ? ከሌለ ምን ልበለው?»

ከዚያ በታች እንደሌለ ከሰይድ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ነበር የሚያውቀው፤ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ዝቅ አድርጌዋለሁ በዪው» አልኳት።